በመኪና ውስጥ ማደር

በ19ኛው መቶ ዘመን የታጁራ ሲራራ ነጋዴ ያርፍባት በነበረችው በአሊዩ አምባ አጠገብ፥ በትውስት መኪናም ቢሆን፥ ለማደር ካሰቡ ከመኝታው አስቀድመው የመኪናውን ማቆሚያ ይምረጡ። የደረቀ ወንዝ አሸዋ ለጥ ያለ ስለ ሆነ ያታልላል፤ ነገር ግን በአንኮበር ደጋ ሲዘንብ፥ የቆላው ሰማይ ጥርት እንዳለ ጎርፉ በሌሊት ይደርሳል። ስለዚህ የአገሬውን ሰው ጠይቀው ከፍ ካለ መሬት ላይ ያቁሙ። የኋላውን ወንበር አጥፈው ጎድጓዳውን በብርድ ልብስ ይሙሉ፤ መስኮቱንም ጥቂት ከፍተው በአጎበር ይሸፍኑ፥ የወባ ትንኝ ሌሊት ትናከሳለችና። ሞተር አስነስተው ወይም የከሰል ምድጃ አግብተው ግን ከቶ እንዳይተኙ፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው መርዘኛ አየር ሽታ የለውም፥ የተኛውን ሳይቀሰቅስ ይገድላል። ቡናውም ቢሆን ጧት ከደጅ ይፈላል።