ወንድነት በሚሊሜትር?

«ከ42 ሚሊሜትር በታች የሆነ ሰዓት ለወንድ አይመጥንም» ብለው የጻፉት ሰው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ምን ሊሏቸው ነው? ከንጉሠ ነገሥቱ ሰዓቶች አንዱ፣ ባለወርቁ ፓቴክ ፊሊፕ፣ 37 ሚሊሜትር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ጄኔቫ ላይ በክሪስቲስ ጨረታ ከ2 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ በላይ አወጣ። ማነሱ ምን ጎዳው?

ደግሞስ ጸሐፊው አቃቂ ቃሊቲን ያውቁታል? ከጋራዥ መጋዘን፣ ከመጋዘን ጉምሩክ ሲሮጥ ለሚውል ሰው ግዙፍ ሰዓት በየኮንቴይነሩ ይጋጭበታል፤ እጅጌ ውስጥ አልገባም ይለዋል። አውቶቡስ ላይ ብረት ይዞ ሲቆም ደግሞ የሌባ ዓይን ይጠራበታል። መስተዋቱ ሳፋየር፣ ውኃ መከላከያው 100 ሜትር ይሁን እንጂ ስፋቱ ለቃሊቲ አቧራ ምን ይፈይዳል? ሲገዙ ከማሰሪያ መያዣ ጫፍ እስከ ጫፍ ይለኩ፤ ከአንጓዎ ካለፈ አልሆነዎትም። ሰው እንዲያይልዎ ብቻ ከፈለጉ፣ የግድግዳ ሰዓት ርካሽ ነው።