ነፋስ የወሰደው የእማማ ድምፅ

ከባሕር ዳር ተነስቶ በወረታና በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልዲያ የተጓዘ ሰው ነፋስ መውጫን ያውቃታል። የላይ ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ 3 ሺህ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በስተምዕራቧ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ የሚደርሰው የጉና ተራራ ቆሟል። ስሟን ያወጣላት ሰው አልተሳሳተም። እኔ ይህን በደንብ የተረዳሁት ግን እዚያ ጋቢ ተከናንቤ ሳይሆን፣ አዲስ አበባ ተመልሼ የተቀዳውን ድምፅ ሳዳምጥ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ገናን ለማክበር አማቴ ዘንድ ሄድን። ትልቁ ልጃችን ያኔ 14 ዓመቱ ነበር። የአያቱን ታሪክ ለመቅዳት በኪስ ገንዘቡ ስልክ ላይ የሚሰካ፣ ልብስ ላይ የሚቆነጠጥ ትንሽ ማይክ ገዝቷል። ማይኩ ጫፉ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ጥቁር ስፖንጅ ነበረችው። መንገድ ላይ ወልቃ ጠፋች። «ጌጥ ናት፣ ምን ታደርጋለች?» ብዬ ያስተውኩት እኔ ነኝ።

እማማ ግቢያቸው ውስጥ ፀሐይ እየሞቁ፣ ማይኩን ነጠላቸው ላይ ሰክተን፣ 40 ደቂቃ ያህል አወሩ። በ77 ድርቅ ጊዜ የባለቤቴን ታላቅ እህት አዝለው ከቤት የወጡበትን ቀን ተረኩልን። ለልጆቻቸው እንኳ ተናግረውት አያውቁም ነበር። ባለቤቴ አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ልጆቹ ዝም አሉ።

ቤት ገብተን ስንከፍተው የተሰማን «ፍውውው» የሚል ነፋስ ብቻ ነው። አልፎ አልፎ አንድ ቃል ብቅ ትልና ትሰምጣለች። ድምፅ የሚያስተካክል ባለሙያ ዘንድ ወሰድነው። ነፋሱን ሲቀንሰው የእማማም ድምፅ አብሮ ቀነሰ። ወተት ውስጥ የገባን ውኃ መልሶ እንደ መለየት ነው።

ለካ ያቺ ስፖንጅ ጌጥ አይደለችም። ነፋስ የማይኩን አፍ በቀጥታ ሲመታ እዚያው ይሽከረከርና ወፍራም ጉርምርምታ ይፈጥራል። ማይኩ የሰውን ድምፅና የነፋሱን ግፊት ለይቶ አያውቅም። ስፖንጁ እርስ በርሳቸው የተያያዙ ብዙ ቀዳዳዎች ስላሉት ነፋሱን ሰባብሮ ያደክመዋል፤ ድምፁን ግን ያሳልፋል። «በ»፣ «ፐ» እና «ፈ» ስንል ከአፋችን የሚወጣውንም ትንፋሽ ያለዝባል። ለቀላል ነፋስና ለትንፋሽ ይበቃል። እንደ ጋይንት ላለ ደጋ ሜዳ ግን በላዩ ፀጉራም ሽፋን ቢጨመርበት ይመረጣል።

በሚቀጥለው ዓመት ሁለቱንም ይዘን ተመለስን። «እማማ፣ ያንን የ77ቱን እንደገና ይንገሩን» አልኳቸው። ፈገግ ብለው፣ «ቡና መሰለሽ ልጄ፣ ሁለተኛ የሚቀዳ?» አሉኝ። አልደገሙትም። ስለ ሠርጋቸው አወሩልን፣ ልጆቹን አንድ በአንድ መረቁልን። እሱ ጥርት ብሎ ተቀድቷል።

ያንን ስፖንጅ ዛሬም እንደ ዕቃ ቆጥረን እንይዘዋለን። እናንተም ብትይዙት የሚጠቅሟችሁን ነገሮች ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ልኩን እዩ። ሰፊ ከሆነ መንገድ ላይ ይወልቃል፤ ጠባቡን ሲጎትቱት ይቀደዳል። በክዳን ዕቃ አስቀምጡት እንጂ ቦርሳ ሥር አትጨፍልቁት። አንድ ሁለት ትርፍ መያዝም አይከፋም፤ ዋጋው ከማይኩ ጋር አይወዳደርም።

የአያቶች ቤት ጭስ አለው፣ ፀጉራቸው ላይም ቅቤ አለ። ስፖንጅ ሁለቱንም ይጠጣል። ስለዚህ ማይኩን ከፀጉር አርቃችሁ፣ ነጠላው በማያሻሽበት ቦታ ደረት አካባቢ ስኩት። ሲቆሽሽ ከማይኩ አውልቃችሁ ለብ ባለ ውኃና በትንሽ ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና እጠቡት። እንደ ካልሲ አትጠምዝዙት፤ በመዳፍ ጫን ጫን አድርጉት። አረፋው እስኪጠፋ አለቅልቁት፤ በንጹሕ ፎጣ መሃል ተጭናችሁ ውኃውን አውጡና ጥላ ውስጥ አድርቁት። በረኪና፣ የፈላ ውኃና የፀጉር ማድረቂያ አይነካካው። ጠንካራ ፀሐይም ቶሎ ያስረጀዋል። ውስጡ ሳይደርቅ ማይኩ ላይ ከተመለሰ እርጥበቱ ማይኩን ይጎዳል፤ ስለዚህ ማታ አጥባችሁ ለጠዋት አትቸኩሉ።

በልደትና በሠርግ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው ማይክ ስፖንጅ ምራቅም የከንፈር ቀለምም ይሰበስባል። ከኮሮና ወዲህ ይህን መናገር የሚያሳፍር አይመስለኝም፤ ከድግሱ በኋላ ይታጠብ፣ ወይም ይቀየር። የልጆች የትምህርት ማዳመጫ ላይ ያለውም እንዲሁ። ሲነካ የሚያጣብቅ ወይም የሚፈረፈር ከሆነ ዕድሜው አልቋል። ፍርፋሪው ማይኩ ውስጥ ሳይገባ ጣሉት።

ስፖንጁ ድንገት ቢጠፋስ? ወደ ቤት ግቡ። ካልተቻለ ግድግዳ ተከልላችሁ፣ ተናጋሪው ጀርባውን ለነፋሱ ሰጥቶ ይቀመጥ። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ደቂቃ ቅዱና በማዳመጫ ስሙት። እኛ ያን አንድ ደቂቃ ብንሰጥ ኖሮ 40ውን ባላጣን።

ጋይንት የድምፅ አገር ነው። የድጓ ማስመስከሪያው ቤተልሔም፣ የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያው ዙር አምባ እዚያው ናቸው። ያ ሁሉ ዜማ ከመምህር አፍ ወደ ተማሪ ጆሮ ሲሻገር የኖረው ተማሪው ዓመታት ተቀምጦ ስለሚሰማ ነው። እኛ የከተማ ልጆች በዓመት ሦስት ቀን ሄደን ነው የምንሰማው፤ ስለዚህ ማይክ ያስፈልገናል።

እማማ ዛሬ የሉም። በበዓል ቀን ቡና ሲፈላ ምርቃታቸውን እንከፍተዋለን፤ ትንሿ ልጄ «አሜን» ትላለች። የ77ቱን ታሪክ ግን እኔና ባለቤቴ ከትዝታችን ነው የምንነግራቸው፤ እሱ አንድ ዓይነት፣ እኔ ሌላ ዓይነት።

እናታችሁ ወይም አያታችሁ እስቴ፣ ስማዳ፣ ታች ጋይንት ወይም እዚሁ ፎቅ ላይ ይኖሩ ይሆናል። በሚቀጥለው በዓል ስትሄዱ ከስኳሩና ከቡናው ጋር ያቺን ስፖንጅ ቋጥሩ። ቸር እንሰንብት።