ልጃችሁን ይዛችሁ አገር ስትለውጡ

ባገራችን ሰሜን ሸዋ የሚባል ዞን ሁለት ነው። የአንደኛው ዋና ከተማ ደብረ ብርሃን ሲሆን በአማራ ክልል ይገኛል፤ የሁለተኛው ዋና ከተማ ፍቼ ሲሆን በኦሮሚያ ክልል ይገኛል። ዞኖቹ ድንበርተኞች ናቸው። ደብረ ሊባኖስን ለመሳለም የሚወጣ የደብረ ብርሃን ምእመን ከሰሜን ሸዋ ተነሥቶ ሰሜን ሸዋ ይደርሳል ማለት ነው። ነገር ግን በሥራ ዝውውር ወይም በንግድ ምክንያት ቤቱን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያዛውር አባወራ፣ የልጁን ደብተር የገለጠ ዕለት የስም አንድነት እንደማይበቃ ይረዳል። በደብረ ብርሃን 3ኛ ክፍል የደረሰው ልጅ ሒሳቡንም ሳይንሱንም በአማርኛ ሲጽፍ ቆይቷል፤ በፍቼ በኦሮምኛ የሚማረው እኩያው ግን ያንኑ ትምህርት በላቲን ፊደል በቁቤ ይጽፋል። በምስክር ወረቀታቸው ላይ የሰፈረው ቁጥር 3 ብቻ አንድ ነው።

ይህ ልዩነት በ1986 ዓ.ም. ከወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የተነሣ ነው። ከዚያ አስቀድሞ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ተማሪ ቤቶች ማስተማሪያ ቋንቋ አማርኛ ነበር፤ ፖሊሲው ግን ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ አደረገ። ወደ እንግሊዝኛ የሚሻገሩበትንም ክፍል ክልሎች ለየራሳቸው ወሰኑ። በ1999 ዓ.ም. ለትምህርት ሚኒስቴር የቀረበው ጥናት በተደረገበት ጊዜ፣ ኦሮሚያና ትግራይ እስከ 8ኛ ክፍል በገዛ ቋንቋቸው ያስተምሩ ነበር፤ አማራ ክልል ሒሳብንና የተፈጥሮ ሳይንስን ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ይሰጥ ነበር፤ በደቡብ ብዙዎቹ ገና በ5ኛ ክፍል ይሻገሩ ነበር። በአንድ ክልል ውስጥ እንኳ መንገዱ ይለያያል፤ ከእኛው ሰሜን ሸዋ በሚጎራበተው በከሚሴ ልጆች በኦሮምኛ ይማራሉ፣ በአዊም በአገውኛ ይማራሉ።

ያው ጥናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ረዥም ጊዜ የተማሩ ልጆች በ8ኛ ክፍል ፈተና የተሻለ ውጤት እንዳገኙ፣ ይኸውም በሳይንስና በሒሳብ ጭምር እንደሆነ ገልጧል። ስለዚህ የቋንቋውን መለያየት የሚነቅፍ ሰው ነገሩን ደግሞ ቢመረምር መልካም ነው። እኔን የሚያሳዝነኝ፣ በመካከል ድልድይ አለመኖሩ ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ መማሪያው ለሁሉም እንግሊዝኛ ነው፤ የ12ኛ ክፍል ፈተናም ለመላው አገር አንድ ነው። መድረሻው ለሁሉ አንድ ከሆነ ዘንድ በመንገድ ላይ መንገድ የሚለውጠውን ልጅ ማን ይዞ ያሻግረው?

አባቶቻችን ለዚህ ጥያቄ መልስ ነበራቸው። የአብነት ትምህርት ከቦታ ቦታ የተለያየ ነው፤ የቅኔ ቤቱ ዋድላ፣ ጎንጅ፣ ዋሸራ እየተባለ በስልት ይለያል፤ ዜማውም የቤተ ልሔም፣ የቆማ፣ የአጫብር ይባላል። ሆኖም ደበሎውን ለብሶ አኩፋዳውን አንግቶ ካንዱ ደብር ወደ ሌላው የሚሻገረውን ተማሪ መምህሩ «ስንተኛ ክፍል ነህ?» አይለውም፤ የት እንደደረሰ ጠይቆና አስብሎ ሰምቶ ካቆመበት ያስቀጥለዋል እንጂ። የስልቱን ልዩነት ተማሪው ከጓደኞቹ ጋራ እየዋለ ይለምደዋል። እንዲህ ያለውን አቀባበል የዘመኑ ተማሪ ቤት ቢወስደው ምን ይጎዳዋል?

ይህ ችግር በውጭም አገር ያጋጥማል። በስዊስ አገር 26 ካንቶኖችና 4 ብሔራዊ ቋንቋዎች አሉ፤ ትምህርት ቤቱንም እያንዳንዱ ካንቶን ራሱ ያስተዳድራል። ሕዝቡ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2006 ድምፅ ሰጥቶ፣ ካንቶኖቹ ትምህርት የሚጀመርበትን ዕድሜና የየደረጃውን ዘመን እንዲያስማሙ በሕገ መንግሥቱ ደነገገ። ቋንቋቸውን ግን ማንም አልነካባቸውም።

ባገራችን ይህ ጉዳይ ዛሬ ጽኑ የሆነው፣ ቤት የሚለውጠው ሁሉ ወዶ የሚለውጥ ባለመሆኑ ነው። ከወለጋ ተፈናቅለው በደብረ ብርሃን መጠለያ የገቡ ብዙ ቤተ ሰቦች አሉ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ከተነሣው ግጭት ወዲህም ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ከእነዚህ ቀበሌዎች ወጥቶ አዲስ አበባ ዘመድ ዘንድ የሚጠጋው ልጅ የሚጎድለው የቋንቋ ልማድ ብቻ አይደለም፣ ዓመታትም ጭምር ናቸው። ዕድሜው ለ8ኛ ክፍል ደርሶ እውቀቱ በ6ኛ ክፍል የቀረውን ልጅ «ደካማ» ብሎ ወደ ኋላ ወንበር መግፋት ግፍ ነው።

እንግዲህ ልትዛወሩ ያሰባችሁ ወላጆች፣ የመልቀቂያውን ወረቀት ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። የልጁን መጻሕፍትና ደብተሮች ያዙለት፤ አዲሱ መምህር የት እንደደረሰ የሚያየው ከእነርሱ ነው። በምትሄዱበት ከተማ ሒሳብና ሳይንስ ከስንተኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ እንደሚሰጥ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ፈተና የሚዘጋጀው በየክልሉ ስለሆነ በፈተናው ዓመት መካከል ባትነሡ ይሻላል። ግድ ሆኖባችሁ ከተነሣችሁ ክረምቱን በከንቱ አታሳልፉት። ወደ ፍቼ ለሚሄድ ልጅ ቁቤ የሚያስቆጥር፣ ወደ ደብረ ብርሃን ለሚመጣውም ሀሁ የሚያስጠና አንድ ጎረቤት ፈልጉለት፤ ማታ ማታም ቁጥሮችን በአዲሱ ቋንቋ ጮክ ብሎ ይቁጠርላችሁ።