ጅራፉን ማን ይገምድለት?

የቡሄ ዋዜማ ሲደርስ በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ባለው ደጋ እናት ሙልሙል ትጋግራለች፤ አባት ደግሞ ለልጁ ጅራፍ ይገምዳል። ወላጆቹ የተለያዩበት ልጅ ሙልሙሉን አያጣም። ጅራፉን ግን ማን ይገምድለት? ጎረቤት ቢገምድለትም ያጮኸዋል፤ ድምፁን ማን እንዲሰማለት እንደሚመኝ ግን የሚያውቀው እርሱ ብቻ ነው።

ውድ አንባብያን፣ ይህን እንድናስብ ያደረገን ሰሞኑን ደግመን ያነበብነው አንድ አጭር ልብ ወለድ ነው። አሜሪካዊው ደራሲ ጆን ቺቨር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1962 ያሳተመው ይህ ታሪክ ከጥቂት ገጾች አያልፍም። እናቱ ከአባቱ ከተፋታች ሦስት ዓመት የሆናት አንድ ልጅ፣ ባቡር እስኪለውጥ ባለው የአንድ ሰዓት ተኩል ፋታ በኒው ዮርክ ጣቢያ ከአባቱ ጋር ይገናኛል። ልጁ ደስታው ወሰን የለውም፤ የአባቱን ጠረን እንኳ ይወደዋል፤ አብረን ፎቶግራፍ በተነሣን ብሎ ይመኛል። አባት ግን ከአንዱ ምግብ ቤት ወደ ሌላው እየገባ በአስተናጋጆች ላይ ይጮኻል፣ ያጨበጭባል፣ በባዕድ ቋንቋ ያዝዛል። ምሳ ሳይበሉ ጊዜው ያልቃል። አባት ከጋዜጣ ሻጭ ጋር ሲነታረክ ልጁ ተሰናብቶ ወደ ባቡሩ ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲህ አልተያዩም።

ደራሲው ባልና ሚስቱ ስለ ምን እንደ ተፋቱ አይነግረንም። እኛም መጀመሪያ ስናነበው በአባትየው ተቈጥተን ነበር። ስንደግመው ግን በልጁ ፊት ትልቅ ሰው ሆኖ ለመታየት የሚጨነቅ፣ ያፈረ ሰው ሆኖ አገኘነው።

እንዲህ ያለውን አባት በእኛም አገር በገበያ ቀን አይተነዋል። ልጁን ሻይ ቤት ያስገባዋል፤ ጫማም ይገዛለታል፤ መልካም ነው፣ ጫማ ያስፈልጋል። ወዲያው ግን «እናትህ ስለ እኔ ምን ትላለች? ማንስ ወደ ቤት ይመጣል?» ብሎ ይጠይቀዋል። ልጁ ዳቦውን እንደ ያዘ ዝም ይላል። ማታም እናቱ በበኩሏ ትመረምረዋለች። ልጅነቱ ቀርቶ የሁለት ባላጋራዎች ምስክር ሆነ ማለት ነው።

ይህ ነገር ለደብረ ታቦር በታሪክም እንግዳ አይደለም። ዐፄ ቴዎድሮስ በከተማዋ አጠገብ በጋፋት ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ሲያሠሩ፣ ከእቴጌ ጥሩወርቅ ጋር ልባቸው ተለያይቶ ነበርና እቴጌይቱና ልዑል ዓለማየሁ በመቅደላ ነበሩ። ስለ መድፉ ስንት ተጽፏል! አባትና ልጅ አብረው ስለ ተቀመጡበት ሰዓት ግን ያነበብነው እጅግ ጥቂት ነው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ሲሞቱ ልጃቸው ገና 7 ዓመት አልሞላውም፤ እናቱም በተከታዩ ወር ዐረፉ። ልዑሉ በእንግሊዝ አገር በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ሞቶ በዊንድሶር ተቀበረ። የአባቱ ጠጕር በ2011 ዓ.ም. ከለንደን ወደ አገሩ ሲመለስ፣ ልጁ ግን እዚያው ቀርቷል።

መለያየትን አናመሰግንም። ከሆነ በኋላ ግን ስለ ቀለብና ስለ መሬት የሚነጋገሩበት ሽማግሌ አለ፤ ያ ክርክር ለሌላ ቀን ይቈይ። በቡሄ ዕለት እናት ብትፈቅድ፣ አባት የገመደውን ጅራፍ ይዞ ወደ አያቱ ቤት ይምጣ፤ ልጁም ደክሞት እስኪተው ድረስ ሲያጮኽ፣ ቆሞ ይስማለት።