ባለመሮጡ የሚወደሰው የውድድር መኪና

አሜሪካ ውስጥ አንድ ብርቅ የድሮ ድራግ ሬስ (የአጭር ቀጥታ መንገድ ሩጫ) መኪና ለጨረታ ሲቀርብ ትልቁ ውዳሴ «እምብዛም አልሮጠም» የሚለው ሆኗል። ገዢውም በዚህ ዋጋ ይጨምርና መጋዘን ያስገባዋል፤ በተነዳ ቁጥር ዋጋው ይወርዳል ይላል። ይህ አባባል ያበሳጨኛል። 402 ሜትር በሰከንዶች እንዲጨርስ ብቻ የተሠራ መኪና ባለመሮጡ መወደስ የለበትም።

ዶጅ እ.ኤ.አ. በ1968 ያወጣውን ሄሚ ዳርት እንይ። ክብደቱ እንዲቀንስ ኮፈኑና የፊት ፓራፋንጎው ከፋይበርግላስ ተሠሩ፤ የበሩ ቆርቆሮ በአሲድ ሳሳ፤ የኋላ ወንበሩ ቀረ። የመጨረሻውን ቀለም ገዢው ራሱ እንዲቀባው ተብሎ የመሠረት ቀለም ብቻ ተቀብቶ ተሰጠ። ለሕዝብ መንገድ እንዳልተሠራ የሚያሳውቅ ጽሑፍም ነበረበት። ዛሬ መልክ እስኪያሳይ ድረስ ተወልውሎ «እንደ ፋብሪካው» የሚባለው ዳርት ፋብሪካው ፈጽሞ ያልሰጠውን ገጽታ ለብሷል። ፎርድም እ.ኤ.አ. በ1964 ተንደርቦልት የተባለውን የውድድር መኪና መቶ ገደማ ሲሠራ ከፊት መብራቶቹ ሁለቱን አንሥቶ በቦታቸው ለሞተሩ አየር የሚያስገባ ቱቦ ከተተ፤ የኋላ ጎማዎቹ መሬት እንዲቆነጥጡ ከባዱን ባትሪ ወደ ኋላ ወሰደ። እያንዳንዱ ለውጥ ለሩጫ ነው፣ ለሌላ አይደለም። ተንደርቦልትን ተፈላጊ ያደረጉት እንደ ጋስ ሮንዳ ያሉ የዘመኑ ተወዳዳሪዎች ናቸው፤ ሞተር እየቀየሩ፣ ጎማ እያቃጠሉ ተወዳደሩበት። ብርቅ የሆነውም መጀመሪያውኑ ጥቂት ስለተሠራ ብቻ ሳይሆን ብዙዎቹ በውድድር ስላለቁ ነው። ሳይሮጥ የኖረው መኪና የሚሸጠው የሮጡት ባተረፉለት ስም ነው፤ ሆኖም ከእነሱ የበለጠ ይከበራል!

ዋናው ሞተር ቢሰነጠቅ አይተካም የሚል ተቃውሞ አለ። እውነት ነው፤ ግን ያንን ሞተር አውርዶ ማስቀመጥና ተመሳሳዩን ገጥሞ መሮጥ ይቻላል። የዘመኑ ተወዳዳሪዎችም ሞተር ሲፈነዳባቸው ሌላ እየገጠሙ ነው የቀጠሉት። ደግሞስ ቆሞ መኖርም ይጎዳል፤ የጎማ ማሸጊያዎቹ ይደርቃሉ፣ የቆየ ነዳጅ ካርቡራተሩን ይደፍናል። ባለንብረቱ በንብረቱ የፈለገውን ያድርግ፤ ጠቤ ከመብቱ ጋር አይደለም። ጠቤ ከሚዛኑ ጋር ነው። የጨረታ ገምጋሚዎች በውድድር የተለወጠ ሞተርንና የተጠገነ አካልን በጉድለት መዝገብ ማስፈር ይተዉ፤ ዋጋ ሲተምኑም መጀመሪያ የሚጠይቁት መኪናው የትና ስንት ጊዜ እንደ ሮጠ ይሁን።