ማልትኛ ይቆጠራል፤ አማርኛስ?

ፌስቡክ በ2023 የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ከአንድ የአሜሪካ ወይም የካናዳ ተጠቃሚ በአማካይ 68 ዶላር ገደማ አግኝቷል። አፍሪካን፣ ላቲን አሜሪካንና መካከለኛው ምሥራቅን ጠቅልሎ «የተቀረው ዓለም» በሚለው ክፍል ግን ከአንድ ሰው ያገኘው 6 ዶላር እንኳ አይሞላም። ይህን ያሳተመው ራሱ ኩባንያው ነው። በእኛ ቋንቋዎች የተጻፈ የጥላቻ ቅስቀሳ ጥቆማ ደርሶትም ለምን ቶሎ እንደማይነሳ ብዙ ሴራ ይተነተናል፤ እኔ ግን መጀመሪያ ሒሳቡ ይታይ ባይ ነኝ። ገቢው ሁሉ ማለት ይቻላል ከማስታወቂያ የሚመጣ ድርጅት ጥበቃውንም የሚያቆመው ገንዘቡ ባለበት ነው። በ2021 የኩባንያው የቀድሞ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሃውገን ይፋ ያደረገቻቸው የውስጥ ሰነዶች ሐሰተኛ መረጃን ለመለየት ከሚመደበው በጀት 87 በመቶው ለአሜሪካ እንደሚውል አሳይተዋል። ኩባንያው «አሃዙ የውጭ መረጃ አጣሪዎችን አይጨምርም» ብሎ ተከራክሯል። ቢጨምርስ?

«ታዲያ ተጠቃሚው ይክፈል» የሚሉ አሉ። ዋትሳፕ እስከ 2016 በዓመት 1 ዶላር ያስከፍል ነበር፤ ለእኔ እስካሁን ከታዩት ሁሉ ጨዋው አሠራር ያ ነው። የፌስቡክና የዋትሳፕ ባለቤት ሜታ በ2023 በአውሮፓ ያመጣው ከማስታወቂያ መገላገያ ግን በወር ከ9.99 ዩሮ የሚጀምር ነበር፤ የአውሮፓ ኮሚሽንም አሠራሩን ሕገ ወጥ ብሎ በ2025 የ200 ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት ጣለበት። ወደ ውጭ የሚከፍል ካርድ ለሌለው የደሴ ወይም የጅማ ወጣትማ ነገሩ ምርጫ ተብሎ አይጠራም። በመዋጮ የሚተዳደሩት ሲግናልና ማስቶዶን ያስመሰግናሉ፤ ሕዝባችን ያለው ግን እዚያ አይደለም።

እንግዲህ ማስታወቂያው ካልቀረ ግዴታ ይጫንበት። የአውሮፓ ኅብረት የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግ ታላላቆቹን መድረኮች ስንት የይዘት ተቆጣጣሪ እንዳላቸው በየቋንቋው እየቆጠሩ እንዲያሳውቁ ያስገድዳል። የግማሽ ሚሊዮን ሰው አገር የማልታ ቋንቋ ሳይቀር ይቆጠራል። በአሥር ሚሊዮኖች የሚናገሩት አማርኛ የአውሮፓ ቋንቋ ስላልሆነ አይመለከተውም። የእኛው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥላቻ ንግግር ጥቆማ በደረሰ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲነሳ ያዛል፤ ጥቆማውን የሚያነብ ሰው ስለመቀጠሩ ግን አይጠይቅም። ሰዓት ያለ ሠራተኛ ምን ይፈይዳል? የመሰረዣውን ቁልፍ ለመንግሥት ብቻ መስጠትንም (ኢንተርኔት ሲዘጋብን የኖርን ሰዎች ነንና) አልደግፍም።

ናይሮቢ ላይ አንድ ክስ አለ። በሰሜኑ ጦርነት ወቅት በፌስቡክ የተሰራጩ ጽሑፎች ለጉዳት ዳርገውናል የሚሉ ኢትዮጵያውያን ሜታን ከሰዋል፤ አንዱ አባቱ በ2021 ባሕር ዳር ላይ የተገደሉበት ነው። ከጥያቄዎቻቸው አንዱ ተጨማሪ ተቆጣጣሪዎች ይቀጠሩ የሚል ነው። የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በኤፕሪል 2025 ክሱን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሏል። ፍርዱን ለመጠበቅ ግን ዓመታት ሊያስፈልጉ ይችላሉ። መቀመጫው አዲስ አበባ የሆነው የአፍሪካ ኅብረት እስከዚያ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ የለበትም። ሜታ፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ፣ በስዋሂሊና በሐውሳ ስንት ሰው እንደቀጠሩ በየስድስት ወሩ እንዲያሳውቁ 55ቱ አባል አገራት በአንድ ድምፅ ይጠይቁ።