ከአገዳው ውስጥ የሚጀምር ኪሳራ

በነሐሴ ወር ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ ነጋዴ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ግራና ቀኙን ተመልክቶ «ዘንድሮስ ይፋት ጥጋብ ነው» ቢል አይፈረድበትም። በቆሎውም ማሽላውም ለምልሞ ይታያል። ነገር ግን በመኪና መስኮት ባየው ልምላሜ ዋጋ የሚቆርጥና ዱቤ የሚሰጥ ነጋዴ፣ የአገዳ ቆርቁር የሚባለውን ትል በሒሳቡ ውስጥ አላገባውም። እኔ መዝገብ የምጽፍላቸው ነጋዴም ከሁለት ዓመት በፊት እንዲሁ አድርገው፣ የሰጡት ዱቤ እስከ ዛሬ ድረስ ተሟልቶ አልተመለሰም።

የትሉ ሥራ ስውር ነው። የእሳት ራት የምትመስለው እናቱ እንቁላሏን በቅጠሉ ላይ ትጥላለች፤ የተፈለፈለውም ትል በመጀመሪያ በመሀል የተጠቀለለውን ለጋ ቅጠል ይበላል፤ ጥቂት ቀን ቆይቶ አገዳውን በስቶ ይገባል። ተክሉ ገና ቡቃያ ከሆነ መሀሉ ደርቆ ይቀራል። ካደገ በኋላ የገባበት እንደ ሆነ ግን ውሃና ምግብ የሚተላለፍበትን መንገድ ስለሚቆርጥበት፣ ቅጠሉ አረንጓዴ እንደ ሆነ የበቆሎው ራስ ቀጭን፣ ፍሬውም ቀላል ይሆናል። ጉዳቱ የሚታወቀው በሚዛን ላይ ነው። በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ አገሮች ተመራማሪዎች የሚገምቱት ጥፋት ከመቶ 20 እስከ 40 ይደርሳል፤ ይኸውም 30 ኩንታል ከሚጠበቅበት ማሳ ከ6 እስከ 12 ኩንታል መጉደሉ ነው።

በቆላ የሚበዛው ዐይነት ኪሎ ፓርቴለስ ይባላል። ከእስያ የመጣ ሲሆን በአፍሪካ መጀመሪያ የተመዘገበው በ1930 እ.ኤ.አ. በማላዊ ነው፤ ቀረጥ ሳይከፍል የገባ የውጭ ዕቃ ማለት ይቻላል።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የመድኃኒቱ ንግድ ነው። መድኃኒት የሚጠቅመው ትሉ ገና በለጋው ቅጠል ላይ ሳለ ነው። አገዳው ውስጥ ከገባ በኋላ ቢረጭ አያገኘውም። ይህን እያወቀ በመስከረም ለመጣ ገበሬ ዝም ብሎ የሚሸጥ ባለሱቅ፣ ነገ ጨርቅና ስኳር የሚገዛበትን ገንዘብ ዛሬ በከንቱ እንደ ወሰደበት ይወቅ።

ትሉ በጋውን የሚያልፈው በደረቁ አገዳ ውስጥ ተኝቶ ነው። «አገዳውን አቃጥሉ» ማለት ለተናጋሪው ቀላል ነው፤ የይፋት ገበሬ ግን ለከብቱ መኖ፣ ለቤቱ ማገዶ የሚያደርገው እርሱኑ ነው። ዶክተር አሰፋ ገብረ አምላክ በ1988 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ አገዳው ከመከመሩ በፊት ለአራት ሳምንት ያህል በፀሐይ ላይ ተጋድሞ ቢሰጣ ትሉ አብዛኛው እንደሚያልቅ አሳይተዋል። ጥናቱ የተደረገው በደጋው ዘመዱ ላይ ነው፤ ሆኖም የቆላ ፀሐይ ለቆላው ትል የምትራራ አይመስለኝም። እህል ለመረከብ ወደ ገበሬው ደጅ የምንልካቸው ሰዎች ይህን ቢነግሩልን ምንም ወጪ የለበትም።

እኛ ዘንድ ከዓምና ጀምሮ ማሳ የሚያየው ሰው ቢላዋ ይዞ ይሄዳል። ባለማሳውን አስፈቅዶ ከየአቅጣጫው ዐሥር አገዳ ይሰነጥቃል፤ ትል ያገኘበትንም ቈጥሮ ያመጣልኛል። ዱቤው የሚጻፈው ከዚያ በኋላ ነው።